ፀጉሩ የረገፈ ውሻ፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ቆዳውን ያስፍቁ

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሞች መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ሥጋ ቤት ጀርባ ተጥሎ የነበረ ወንድ ውሻ ግቢያችን አስገብተን ቦቢ ብለነዋል። ዕድሜው ዓመት ከምናምን፣ ክብደቱ በግምት 12 ኪሎ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኖቹና ሆዱ ፀጉር የላቸውም። ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ ይቀረፈፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ክንዱና ወገቡ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ያሳክከዋል። ጎረቤቶች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ይሉናል። የከብት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ኢቨርሜክቲን የሚባል የተባይ ማጥፊያ መርፌ ሰጥቶን «1 ሚሊ ሊትር ውጉት» ብሏል፤ እስካሁን አልወጋነውም። ምን ይሻላል? ፀጉሩስ ይመለሳል?

መልስ፦ እንኳን አልወጋችሁት። ለከብት የሚሸጠው ኢቨርሜክቲን በአብዛኛው 1 በመቶ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። የከብቱ ልክ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ነው። ለእናንተ የተነገራችሁ ያንኑ 1 ሚሊ ሊትር ለ12 ኪሎ ውሻ ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ለውሻ እከክ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለቦቢ ሲሰላ ከ0.24 እስከ 0.48 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ይህን በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ለመለካት መሞከር መገመት ነው፤ ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ያስፈልጋል። ሲበዛ ውሻው ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋና ማየት ያቅተዋል፣ ከዚያም ራሱን ይስታል። የታወቀ ማርከሻ የለውም።

ልኩ ትክክል ሆኖም የሚጎዳቸው ውሾች አሉ። ኮሊ የሚባለውና እሱን የመሳሰሉት የእረኛ ውሻ ዝርያዎች በዘር በሚተላለፍ ጉድለት ምክንያት መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ይዘልቃል፤ ጉድለቱ አንዳንድ ጀርመን ሸፐርዶች ላይም ይገኛል። ከመንገድ የተነሣ ውሻ እናት አባቱ አይታወቅምና፣ ሐኪሙ ከዝቅተኛው መጠን ቢጀምርና ውሻውን እዚያው ለጥቂት ሰዓት ቢያቆየው ይመረጣል። ክብደቱንም በግምት አይተዉት። ውሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አቅፈው ይመዘኑ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ይቀንሱ። መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች ሚዛን ለዚህ ይበቃል፤ ሲጨርሱ ሚዛኑን መጥረግ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ በሽታው። የፀጉር መርገፍ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከብዙ በሽታዎች የሚመጣ ምልክት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የረገፈው የት ነው? ያሳክከዋል ወይስ አያሳክከውም? የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና ሆድ ከሆነ፣ ማሳከኩም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ፣ አብሮት የሚኖር ሰውም ማከክ ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳርኮፕቲስ የተባለችው የእከክ ተባይ ናት። ሴቷ ቆዳው ውስጥ እየቦረቦረች እንቁላል ትጥላለች፤ ቆዳው የሚወፍረውና የሚቀረፈፈው በዚህና ውሻው ራሱን በማከኩ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ፦ ጓንት አድርገው የጆሮውን ጫፍ በጆሮው ላይ አጥፈው በጣትዎ ሲያሹት የኋላ እግሩን እያነሳ ለማከክ ከሞከረ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

የሚመሳሰለውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ዴሞዴክስ የሚባለው ነው። ይህኛው ተባይ በጤነኛ ውሻም ፀጉር ሥር ጥቂት ሆኖ ይኖራል። የሚራባው ሰውነት ሲዳከም ነው፤ በተለይ በቡችሎችና በተራቡ ውሾች። የሚጀምረው ከዓይን ዙሪያ፣ ከአፍ አካባቢና ከፊት እግር ሲሆን፣ ቆዳው ካልቆሰለ በስተቀር ብዙም አያሳክክም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልዩነቱ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ለሳርኮፕቲስ በሁለት ሳምንት ልዩነት የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ሲበቃ፣ መላ ሰውነቱን የወረረ ዴሞዴክስ ግን ለወራት የሚዘልቅ ሕክምና ይጠይቃል። ሕክምናው የሚቆመውም በወር ልዩነት የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች ከተባይ ነጻ ሲሆኑ ነው፤ ፀጉሩ ስላማረ ብቻ ያቋረጠ ሰው በሽታውን መልሶ ያገኘዋል።

ይህን የሚለየው ቆዳን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሐኪሙ በደነዘዘ ምላጭ ላይ ጠብታ ዘይት አድርጎ ከ3 እስከ 5 ቦታ ይፍቃል። ለዴሞዴክስ ቆዳውን በጣቱ ጨምቆ ደም ጠብ እስኪል፣ ለሳርኮፕቲስ ደግሞ ውሻው እያከከ ካላቆሰለው የጆሮ ጠርዝና ክርን ሰፋ አድርጎ። የፈረንጅ ሻምፖ ገዝቶ አንድ ወር ከመሞከር ይህ በደቂቃዎች ያልቃል። ማይክሮስኮፕ የሌለው ክሊኒክ ከገጠማችሁ፣ ቅርፊቱ በጥብቅ በሚከደን ትንሽ ብልቃጥ ተደርጎ ወደሚመረምር ቦታ ይላክ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያው ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ አለ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሳርኮፕቲስ በፍቅፋቂ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዴሞዴክስ ካልተገኘና ምልክቱ የቦቢን የሚመስል ከሆነ፣ «ምንም የለውም» ተብሎ አይመለስም፤ ሐኪሙ እንደ እከክ ቆጥሮ ያክመዋል፣ መልሱንም ከሕክምናው ውጤት ያገኛል።

መርፌው ለምን ይደጋገማል? መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ነው። ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃልና ከ2 ሳምንት በኋላ ሁለተኛው፣ አስፈላጊ ከሆነም ከሌላ 2 ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ይሰጣል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ማሳከኩ ወዲያው ባይቆም አይደንግጡ፤ የሞተው ተባይም ቆዳውን ለተወሰነ ጊዜ ያስቆጣዋል። በዚህ መሃል ግን «ማሳከኩን የሚያጠፋ» ተብሎ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን እንዲሰጠው አይቸኩሉ። በሽታው ዴሞዴክስ ከሆነ እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነቱን መከላከያ አዳክመው መላ አካሉን ያስወርሩታል። የሰው ማስታገሻም፣ በተለይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

የሚያድርበት ቦታ ካልጸዳ ሕክምናው ግማሽ ነው። ተባይዋ ከውሻው ወርዳ በቤት ሙቀት የምትቆየው ከ2 እስከ 6 ቀን ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ግን እስከ 3 ሳምንት ልትዘልቅ ትችላለች። የደሴ ብርድ በዚህ በኩል ለእሷ ይመቻታል። የሚተኛበትን ጆንያ ያቃጥሉ፤ የማይቃጠለውን ጨርቅ ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያስጡ፣ በየሁለት ቀኑም ይቀይሩ። ማሰሪያውን በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ። ለአንድ ወር ያህል ከሌላ ውሻ ጋር አያገናኙት፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ባያክም አብሮ ይታከማል።

ወንድምዎን በተመለከተ፦ የውሻው ተባይ ሰው ላይ ዘር መተካት አትችልም። ስለዚህ ሽፍታው ውሻው ከታከመ በኋላ በ2 ወይም 3 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የለበሰውን ልብስና አንሶላ ቀቅሉለት፣ ውሻውን እንዳያቅፍ ንገሩት። ማሳከኩ በጣቶች መካከል ከወጣ፣ ውሻውን ያልነካ የቤተሰብ አባልም ማከክ ከጀመረ ወይም ከ3 ሳምንት ከበለጠ ግን የሰው እከክ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የተቃጠለው ዘይት ይቅርባችሁ። አንዳንዴ ተባዩን አፍኖ ሊገድል ይችላል፤ «ሠራ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በውስጡ የብረት ብናኝና መርዛማ ቅሪት አለ፤ ውሻው ይልሰዋል፣ በቆሰለ ቆዳም ይሰርጋል፤ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ነጭ ጋዝም እንዲሁ ነው፤ ቆዳውን ያቃጥላል። ኦሞና በረኪናም የተጎዳ ቆዳን የባሰ ያደርቃሉ።

ማጠብ ካስፈለገ፣ ቆዳው ሸትቶ መግል የያዘ እብጠት ካለው፣ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ያለው መታጠቢያ ይጠይቁ። ለብ ባለ ውሃ አርጥበው ያሹትና 10 ደቂቃ ሳያለቀልቁ ይቆዩ፤ ብዙ ሰው ወዲያው ስለሚያለቀልቀው መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ይፈሳል። በሳምንት 2 ጊዜ በቂ ነው። ደሴ ላይ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ብቻ ይጠብ፣ በፎጣም ይድረቅ፤ ፀጉር የሌለው፣ ስብ የሌለው ውሻ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን የማታ ብርድ አይችልም። ለማታ ከሰልባጅ የተገዛ ሹራብ እጅጌውን ቆርጦ ማልበስ ይቻላል፤ እሱም በየሁለት ቀኑ ይቀቀላል። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ ሴፋሌክሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል፤ ለቆዳ የሚሰጠው ቢያንስ 3 ሳምንት ነውና በአምስተኛው ቀን «ደርቋል» ብለው አያቋርጡት።

ምግቡ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ፀጉር ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ፍርፋሪ እንጀራና የአጥንት ውሃ ሆድ ይሞላል እንጂ ፀጉር አያበቅልም። በዚያ ላይ እህል ብቻ የሚበላ ውሻ ዚንክ ያንሰዋል፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንኩን ይዞ ስለሚያስቀረው፣ በዓይንና በአፍ ዙሪያ ቅርፊት ይወጣል። ለ12 ኪሎ ውሻ ለቀን የሚበቃው 200 ግራም የተቀቀለ ሥጋ፣ ጨጓራ ወይም ሳንባ፣ 300 ግራም የተቀቀለ ሩዝ ወይም የስንዴ ቅንጬ እና 1 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ነው። በሳምንት 3 ወይም 4 የተቀቀለ ዕንቁላል ይጨመር። ጉበት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በሳምንት 2 ጊዜ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይከማቻል። ተርቦ የቆየ ውሻ በአንድ ጊዜ ሲያጠግቡት ያስቀምጠዋልና፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 4 ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ።

የወጥ ትራፊ አይስጡት። በርበሬው አይደለም ዋናው ችግር፤ ሽንኩርቱ ነው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል፣ ማብሰልም አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 ግራም ጀምሮ ጉዳት ይታያል፤ ለቦቢ 180 ግራም፣ ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ጥሬ ሳንባና ጉበትም ይቅር። ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያሉበትን ጥሬ የሆድ ዕቃ የበላ ውሻ የኮሶ ትል ዓይነት ይይዛል፤ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ገብቶ ጉበትና ሳንባ ላይ ትልቅ ከረጢት ይሠራል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ይቀቀል። ለትሉ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። የእሱ ሰሃን ለብቻው ይሁን፣ ከቤቱ ዕቃ ጋር አይታጠብ፤ ወሎ ውስጥ ይህን በሃይማኖት ሥርዓት የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለጤናም ትክክሉ እሱ ነው።

ከመንገድ የመጣ ውሻ ነውና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ቆዳው እስኪያምር አይጠበቅ፤ መርፌውን ሊወጋው የሚመጣውን ሐኪም በዚያው ይጠይቁት። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ፀጉሩ ይመለሳል ወይ ላሉት፦ አዎ፣ በአብዛኛው። ማሳከኩ በሁለተኛው መርፌ አካባቢ ይቀንሳል፣ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ስስ ፀጉር ብቅ ይላል፣ ሙሉው 2 ወይም 3 ወር ይፈልጋል። ክርኑ ላይ በደረቅ ወለል በመተኛት የወፈረ ቆዳ ካለ፣ እዚያ ላይ ላይበቅል ይችላል፤ ወፍራም መኝታ ያንጥፉለት እንጂ መድኃኒት አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ። የእኛ ውሻ ፀጉሩ የሚረግፈው ክብ ክብ እየሆነ ነው፤ አያክም። ልጄ ጭንቅላት ላይም ጭርት ወጥቷል። የተያያዘ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ከውሻና ከድመት ወደ ልጅ የሚያልፈው በብዛት ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ነው። ሐኪሙ ከክቡ ጠርዝ ፀጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ያያል ወይም ያስመረምራል። ልዩ በሆነ ሐምራዊ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቢያበራ ማስረጃ ነው፤ ባያበራ ግን ነጻ አያደርግም፣ ሁሉም አያበራምና። ክቡ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ዙሪያውን ያለውን ፀጉር አሳጥረው ክሎትሪማዞል ወይም ማይኮናዞል ቅባት ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር አልፈው በቀን 2 ጊዜ ይቀቡ፤ እንዳይልሰውም ይጠብቁት። ብዙ ከሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቆረጡትን ፀጉር ያቃጥሉ፤ በረገፈ ፀጉር ላይ ያለው ፈንገስ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥበው፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና ለ100 እጅ ውሃ ቀላቅለው ይጥረጉት፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። ልጁን ግን ቤት ውስጥ አያክሙት። የራስ ቆዳ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ያው መላጫ ለሌላ ልጅ እንዳይውል ለፀጉር ቆራጩም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። ለበጎች የገዛሁት ዲያዚኖን አለኝ። መዥገርም እከክም ስለሚያጠፋ ውሻዬን ብረጨው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ዲያዚኖን ጠንካራ የነፍሳት መርዝ ነው፤ በጉ በጥቂቱ ሲልሰው ውሻ ግን መላ ሰውነቱን ይልሳል፣ የቆሰለ ቆዳም ፈጥኖ ይመጠዋል። ለሃጭና እንባ ከበዛ፣ ብሌኑ ከጠበበ፣ ካስቀመጠው፣ ከተንቀጠቀጠ ተመርዟል። ጓንት አድርገው በሳሙና ደጋግመው አጥበው ወደ ሐኪም ይሩጡ፤ ለዚህኛው አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ለውሻ የሚሆን የሚረጭ ካስፈለገ አሚትራዝ ይሻላል፦ ባለ 12.5 በመቶውን 2 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ በስፖንጅ ማራስና ሳያለቀልቁ ማድረቅ ነው። ከ4 ወር በታች ላለ ቡችላና ለስኳር ሕመምተኛ ውሻ አይሆንም፤ ስኳር ያለበት ሰውም አይበጥብጠው። ውሻው ለአንድ ቀን ሊፈዝ ይችላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ መዥገር ይበረታልና፣ ጆሮውን ውስጡን፣ የጣቶቹን መሃልና ብብቱን በየቀኑ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ። የረገፈው አንገቱና የጅራቱ ሥር ብቻ ነው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንገቱ በሰንሰለት የተፋቀ ነው፤ ሰፊ የጨርቅ ወይም የቆዳ ማሰሪያ ይቀይሩለት፣ ሁለት ጣት ያስገባ። የጅራት ሥርና ወገብ የቁንጫ ቦታ ነው። በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥረው የወጣውን ጥቁር ፍርፋሪ በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ዙሪያው ቀላ ካለ የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ ደም ነው። አንዳንድ ውሻ ለምራቋ አለርጂ ስለሆነ ጥቂት ንክሻ ብቻ ፀጉሩን ያስረግፈዋል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ይጠቀሙ፤ ቤት ውስጥ ድመት ካለች ፐርሜትሪን ያለበትን አይግዙ፣ ድመቷን ይገድላታል። አዋቂዋ ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቷ ናት፤ እንቁላሉ፣ እጩና ኩብኩባው (እጩ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ወደ ቁንጫ የሚለወጥበት ደረጃ) ያሉት የሚተኛበት አፈርና ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦታውን በየሦስት ቀኑ ጠርገው የጠረጉትን ያቃጥሉ፣ መድኃኒቱንም ቢያንስ ለ3 ወር ሳያቋርጡ ይቀጥሉ፤ ኩብኩባው ሽፋኑ ውስጥ እያለ መድኃኒት ስለማይነካው በየሳምንቱ አዲስ ቁንጫ ይወጣል።